ሞግዚቷ ለምን አትናገርም

ጥቅምት 9

ለእመቤቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? ወንድምዎስ? ያ መስኮተ ብዙው ቤትስ ደህና ነው? የቤት ጤናም ይጠየቃል ወይ እንዳይሉኝ፤ እኔ ያንን መስኮት ሁሉ ስወለውል ነው ያደግኩት፣ ከሰው እኩል አስታውሰዋለሁ። እኛ ደህና ነን። ጉልበቴ ብቻ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሬዲዮ ቀድሞ ይነግረኛል።

መልስ ስላዘገየሁ ይቅር ይበሉኝ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ሥራ ላይ ነው። አሁን እኔ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ባለው ሆቴል የካውያ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ኃላፊ ስል ከኔ በታች ያለችው አንዲት አንሶላ አጣፊ ብቻ ናት፤ እሷም አትታዘዘኝም። ፖስታውን እንፋሎቱ መሃል ቆሜ ከፈትኩት፤ የእጅ ጽሑፍዎን ሳየው ደንግጬ የአንድ እንግዳ የትራስ ልብስ አቃጠልኩ። ከእናቴ ቀብር ወዲህ ከእርስዎ ምንም መጥቶልኝ አያውቅማ። ያኔም የመጣው አበባ ነበር። ትልቅ አበባ ነው፤ በጊዜው ሳላመሰግን ቀርቻለሁ።

አሁን የጠየቁኝን ልድገመውና ተሳስቼ ከሆነ ያርሙኝ። ልብ ወለድዎ በየትምህርት ቤቱ ሲነበብ ቆይቶ አንዳንድ አስተማሪዎች «ጥቁሮችን የሚያዋርድ ነው፤ ይውጣ» ብለው ከሰዋል። የመማሪያ መጽሐፍ ኮሚቴው ሊሰበሰብበት ነው። እርስዎ ደግሞ እኔ መጥቼ፣ መጽሐፉ ውስጥ ያለችው ጥቁር ሞግዚት እናቴ መሆኗን፣ እርስዎን ጡቷን አጥብታ ማሳደጓን፣ በነጮቹ ቤት መወደዷን እንድመሰክር ይፈልጋሉ። የጡት እህቶች ነን ብለዋል። እውነት ነው፤ የጠባነው አንድ ጡት ነው። እርስዎ ቀድመው፣ እኔ ተከትዬ።

ሁለተኛውን ጥያቄዎን፣ እናቴ ልትሞት ስትል ስለ እርስዎ ምን እንዳለች የጠየቁኝን፣ ለዛሬ ሆድ ይፍጀው። መጽሐፉን አላነበብኩትም። ሳላነብ ደግሞ አልመሰክርም። ትንሿ ልጄ ለትምህርት ቤት ብላ ገዝታዋለች፤ ከሷ እዋሳለሁ። ስጠይቃት ግን ፊቷን አዞረችብኝ። ምን እንደሆነች እንጃ።

አክባሪዎ፣
የሞግዚትዎ ልጅ


ጥቅምት 21

የጡት እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሳነብ አለቀስኩ። እባክሽን እመቤቴ አትበይኝ። እመቤት እናቴ ነበረች፤ እሷም አርፋለች። አንቺ በይኝ።

የሚከሱኝ ወጣቶች ናቸው። ምሳሌዎቼን አንድ በአንድ እንደ ቅማል ይለቅሙልኛል። «ሞግዚቷን ለምን በላም መሰልሻት?» ይሉኛል። ለኔ እኮ ላም የእናትነት ጥግ ናት፤ ሙቀት፣ ወተት፣ ትዕግሥት። ወላጅ እናቴ ዘንድ የምቀርበው ፀጉሬ ተበጥሮ፣ ጫማዬ ተወልውሎ፣ እንደ እንግዳ ነበር። የተኛሁት በእናትሽ ጭን ላይ ነው። አንቺ ታውቂዋለሽ፤ በበሩ ስንጥቅ ታዪን ነበር።

መጽሐፉን ስታነቢ ያንን ገጽ ቀስ ብለሽ አንብቢልኝ። ስታጠባኝ አፏን ዘግታ ከደረቷ ውስጥ የምታወጣውን ድምፅ የጻፍኩበትን። በረት ውስጥ ጥጃዋን እየላሰች እንደምታጉረመርም ላም ነው ያልኩት። ብዙ ሰው ያንን ገጽ በቃሉ ይዞታል። አንዲት ሴት መንገድ ላይ አስቁማኝ ካነበበችው በኋላ እናቷ ዘንድ ሄዳ እንደታረቀች ነግራኛለች። በሕይወቴ የጻፍኩት እውነተኛ ነገር ቢኖር እሱ ነው። እሱን ከልጆች እጅ ሊነጥቁት ነው።

የመጨረሻዋን ቀን በሆድሽ አታስቀሪብኝ። ጠርታኝ ነበር? ይህን ሳላውቅ መሞት አልፈልግም።

እህትሽ


ኅዳር 6

ለእመቤቴ፣

እንደምን አሉ? አንቺ በይኝ ያሉትን ሞክሬው ነበር፤ ብዕሩ እምቢ አለኝ። ልማድ ነው፤ ይታገሱኝ።

መጽሐፉን ጨረስኩት። እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው የቆምኩት፣ ስለዚህ አነባበቤ የኤሊ ነው። ግን ይጽፋሉ፤ ይሄ አይካድም። ምሳ ሰዓት ላይ ለአጣፊዋ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ፤ እሷ እግሯን ሳጥን ላይ ሰቅላ ትሰማለች።

«ቆይ ቆይ» አለችኝ አንድ ቀን። «ይቺ ሴትዮ ስም የላትም?»

«ሞግዚቷ ነው የምትላት።»

«ውሻውስ?»

«ውሻው አለው።»

«በይ ቀጥይ» አለችኝ። «ውሻው ምን እንደሚሆን ልስማ።»

አፏ እንዲህ ነው፤ አይቀየሟት። ከዚያ በኋላ ግን ሳነብ እኔም አንድ ነገር ማየት ጀመርኩ። አንዴ ካዩት ደግሞ አይለቅም፤ አንሶላ ላይ እንዳለ የቡና ነጠብጣብ ነው፣ ዓይን ዞሮ ዞሮ እዚያው ይሄዳል። የእናትዎ እጅ ነጭ አበባ ነው፤ የእናቴ እጅ ከመሬት የተነቀለ ሥር። እናትዎ ሲቆጡ ሰማዩ ይጠቁራል፣ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። እናቴ ስትቆጣ ትራገጣለች። እናትዎ ሲያዝኑ ዝናብ ይመጣል፤ እናቴ ስታዝን አፍንጫዋ ይረጥባል። አንድ ክፍል ውስጥ እናትዎ ሲገቡ ብርሃን ይገባል፤ እናቴ ልትገባ ስትል ደግሞ «ሽታዋ ቀድሟት ገባ» ብለዋል። የምን ሽታ? ሕፃኗን ከመንካቷ በፊት እስከ ክርኗ እንድትታጠብ የቤቱ ሕግ ነበር። ቆዳዋ እስኪላጥ ሳሙና ሳሙና ነበር የምትሸተው።

አጣፊዋ «ሰማዩንም መብረቁንም ነጮቹ ወስደውታል፤ ለኛ የተረፈን በረቱ ነው» አለችኝ። ሳቅኩ። ከዚያ አላሳቀኝም።

ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሲሉ እሰማ ነበር። የሌላ ሰው ተረት ይመስለኝ ነበር። ለካ የኔው ኖሯል፤ ላሚቱ እናቴ፣ ወተቷን በወጉ ያላየሁት እኔ።

የሚወዱትን ገጽም አነበብኩት። ደግሜ ነው ያነበብኩት። እና አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ከመጽሐፉ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ እናቴ አንዲት ቃል አትናገርም። እሺ እንኳን አትልም። ለምንድን ነው የማትናገረው? ይሄንን የምጠይቅዎ እናቴን ስለማውቃት ነው። ሰፈር ውስጥ ስሟ ሬዲዮ ነበር። አንዴ ከተከፈተች የሚዘጋት የለም። ቆሎ ብትቆረጥም እንኳን ታሪኩን ሳትነግረን አትውጠውም ነበር።

መልስዎን እጠብቃለሁ።


ኅዳር 19

እህቴ፣

ስለ ሽታው ልክ ነሽ፤ አፍሬያለሁ። ሌላው ግን ያየሁት ነው።

ለምን አትናገርም አልሽኝ። ስላልተናገረች ነዋ። አምስት ዓመት እስኪሞላኝ ከጀርባዋ አልወረድኩም፤ ከአፏ አንድ ቃል ሰምቼ አላውቅም። ያ ድምፅ ብቻ ነበር። ሲርበኝ እሱ፣ ሲያተኩሰኝ እሱ፣ ስፈራ እሱ። ዝም ብላ የተፈጠረች ሴት ናት ብዬ ነው ያደግኩት፤ የወደድኳትም እንደዚያው ነው። ሬዲዮ ያልሻትን ሴት አላውቃትም። ምናልባት አንቺ ያንቺን ታውቂ ይሆናል፣ እኔ ደግሞ የኔን። እሷን የማስታወስ መብት ለአንዳችን ብቻ የተሰጠ አይደለም።

የባቡር ቲኬቱን ልኬልሻለሁ። ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ጋዜጠኞችም ይኖራሉ። ከጎኔ ትቀመጫለሽ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ቅር እንዳይልሽ፤ እናትሽ ትለብሰው የነበረው ዓይነት ነጭ አንገትጌ ያለው ጥቁር ቀሚስ ካለሽ ብትለብሺው ደስ ይለኛል። ሰው ሲያይሽ እሷን እንዲያይ ብዬ ነው።

ስለ መጨረሻዋ ቀን አሁንም አልነገርሽኝም። ከመጣሽ በኋላ፣ ፊት ለፊት ትነግሪኛለሽ ብዬ እጠብቃለሁ።


ኅዳር 28

ለእመቤቴ፣

ቲኬቱ ደርሶኛል፤ አመሰግናለሁ። እመጣለሁ። ከአለቃዬ ፈቃድ ወስጃለሁ፤ ካውያውን ለአጣፊዋ አስረክቤያለሁ። እግዜር የእንግዶቹን ሸሚዝ ይጠብቅ።

ስለ ቀሚሱ አላስቀየሙኝም። ግን እሱ ቀሚስ የቤቱ ንብረት ስለነበረ እናቴ ስትሰናበት አስረክባው ነው የወጣችው። በውስጥ ልብስ ልትወጣ ነበር፤ ወጥ ቤቷ ናት የራሷን ፎጣ ያለበሰቻት። እኔ ሰማያዊ ቀሚስ አለኝ፣ እሱን ለብሼ እመጣለሁ። ተኩሼው ነው የምመጣ፣ አያሳፍርዎትም።

ከጎንዎ ግን አልቀመጥም። ፊት ለፊትዎ ቢያስቀምጡኝ ነው የምወድ። ፊትዎን በደንብ ማየት እፈልጋለሁ፤ በስንጥቅ ሲያዩ ግማሹ ነው የሚታየው።

ልጄ ለምን ፊቷን እንዳዞረች ደረስኩበት። እሁድ ዕለት ፀጉሯን እየሠራኋት፣ መሸሽ በማትችልበት ያዝኳት።

«ክፍል ውስጥ ምን ይሉሻል?»

«ምንም።»

«ምንም የሚባል ቅጽል ስም ሰምቼ አላውቅም። ጭንቅላትሽን ቀና አድርጊ።»

«እምቧ ነው የሚሉኝ» አለች። «ስገባ ሁሉም አፋቸውን ይዘጉና እንደዚያ ያደርጋሉ። እንደ መጽሐፉ።»

«እንዴት አወቁ?»

«እኔ ነኛ የነገርኳቸው። አስተማሪዋ ያንን ገጽ ስታነብ አያቴ ናት ብዬ እጄን አወጣሁ።»

በኩራት ነው ያወጣችው፣ እመቤቴ። አያቴ መጽሐፍ ውስጥ ገባች ብላ።

ፀጉሯን ሠርቼ ጨረስኩ፣ ትንሽ አጥብቄ ሳልጎትተው አልቀረሁም። የምናገረውን እዚያው፣ ከሰው ፊት እናገረዋለሁ። አይስጉ፤ አንዲትም ውሸት አልጨምርም። መጽሐፉ ከትምህርት ቤት እንዳይወጣ ነው የሚፈልጉት፤ ካነበብኩት በኋላ እኔም የምፈልገው እሱኑ ነው። በዚህ ተስማምተናል።


ታኅሣሥ 14

በደብዳቤ ልትነግሪኝ ትችዪ ነበር። ስንት ጊዜ ጻፍሽልኝ፤ ስለ ጉልበትሽ፣ ስለ አጣፊዋ፣ ስለ ቀሚስሽ። ይሄንን ግን ለሕዝብ ፊት አቆየሽው።

ከዚያ አዳራሽ ስወጣ ቀጥታ ወንድሜ ዘንድ ሄድኩ። እናታችን እንዲያ ብላ ታውቃለች ወይ አልኩት፤ ልጆቼ የጓዳ ሰው አንደበት ይዘው እንዳያድጉ፣ እነሱ ፊት አንዲት ቃል ከአፍሽ እንዳትወጣ፣ ከወጣች ትባረሪያለሽ ብላለች ወይ? ጋዜጣውን ከፊቱ ሳያወርድ «አዎ፤ አታውቂም ነበር እንዴ?» አለኝ። ለሁሉም ሠራተኞች ነበር አለኝ። እሷ ግን ቀኑን ሙሉ ከኛ ጋር ስለነበረች ቀኑን ሙሉ ነው የተዘጋችው።

ዕድሜዬን ሙሉ የላም ድምፅ ብዬ ያቀፍኩት ነገር አፏ ታስሮ የቀረ ሰው ድምፅ ነበር። ሰዎች በቃላቸው የያዙት ገጽ የእናቴ ትዕዛዝ ነው። አላወቅሁም። እንዳላወቅሁ አንቺም ታውቂያለሽ፤ አዳራሹ ውስጥ ግን ይሄንን አልተናገርሽልኝም።

ይባስ ብሎ «መጽሐፉ ይውጣ የሚሉት ተሳስተዋል፤ ይቆይ» ስትዪ ከመቀመጫዬ ተነስቼ እጅሽን ጨበጥኩ። አመሰገንኩሽ፤ ሰው ሁሉ እያየኝ። ምን እንዳደረግሽኝ የገባኝ ኮሚቴው ውሳኔውን ሲያነብ ነው። መጽሐፉ ይቆያል፤ ያንቺ ምስክርነት ግን ከዚያ ገጽ ቀጥሎ ይታተማል፣ ከእናቴ ትዕዛዝ ጋር።

እጅሽን ስጨብጥ ፈገግ ብለሽ ነበር። ለምን?


ታኅሣሥ 25

ጤና ይስጥልኝ። አንቺ በይኝ ብለሽ ለምነሽኝ ነበር፤ ይኸው አንቺ አልኩሽ። ብዕሩ አሁን እምቢ አላለም።

ለምን ፈገግ አልሽ ብለሽኛል። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፤ ለዚያ ነው። ሌላ ሚስጥር የለውም።

አለማወቅሽን አውቃለሁ። ግን አልጠየቅሽም እኮ። ሰው ደራሲ ሆኖ፣ ያንን ሁሉ ገጽ ስለ አንዲት ሴት ጽፎ፣ «ይቺ ሴት አፍ እያላት ለምን አትናገርም?» ብሎ አንድ ቀን አይጠይቅም? ላም ካደረግሻት በኋላ መጠየቁ ምን ያደርጋል፤ ላም ለምን ዝም አልሽ ተብላ አትጠየቅም። ምሳሌሽ የሠራልሽ ይሄንን ነው። የእናትሽን ሥራ ጨረሰላት። እናትሽ የእናቴን አፍ ዘጋች፣ አንቺ ደግሞ አፍ እንዳልነበራት አድርገሽ ጻፍሽ።

እኔ እነዚያን አስተማሪዎች ሰምቼ ይውጣ ብል፣ እነሱም ቢያወጡት ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ተበዳይዋ አንቺ ትሆኚያለሽ። ፎቶሽ አዝኖ ጋዜጣ ላይ ይወጣል፣ ሰው በድብቅ እየገዛ ያነብሻል፣ ያቺ ከእናቷ የታረቀችው ሴትዮ ታለቅስልሻለች። አይ፣ እንዲያ አይቀልልሽም። አሁን በየዓመቱ አዳዲስ ልጆች ይመጣሉ። ያንን የሚያምር ገጽሽን ያነባሉ፣ ዓይናቸው እንባ ያዝላል፣ ከዚያ ቅጠሉን ሲገልጡ እኔ በሰማያዊ ቀሚሴ ቁጭ ብዬ እጠብቃቸዋለሁ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ። እኔ ጸሎቱን ትቼዋለሁ፤ ቂሙን ብቻ ነው የያዝኩት፤ ስለዚህ አያስለኝም።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ አዳራሹ ውስጥ ያልተናገርኩት። እናቴ ከናንተ ቤት ስትመጣ ጫማዋን ሳታወልቅ ነበር ወሬ የምትጀምረው። ቀኑን ሙሉ ያጠራቀመችው ነዋ። ምን ታወራ ነበር መሰለሽ? ስላንቺ። ዛሬ ጥርሷ ተነቃነቀ፣ ዛሬ ጥላዋን አይታ ፈራች፣ እንዲህ ልላት ነበር፣ እንዲያ ልላት ነበር። ላንቺ የተሠራው ቃል ሁሉ እኔ ላይ ነበር የሚፈሰው። «እኔስ?» እላት ነበር ስሰለች። «አንቺ ምን ጎደለሽ፤ አንቺን እያናገርኩሽ አይደል?» ትለኛለች። እኔ በወተት ፈንታ ያንቺን ወሬ ጠጥቼ ነው ያደግኩት። አልጣፈጠኝም። ግን አንዱም አልወደቀብኝም፤ ሁሉም አለ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።


ጥር 7

መጽሐፉን ራሴ ላስወጣው ሄጄ ነበር። ኮሚቴውን ለመንኩ፤ የኔ ሥራ ነው፣ ከልጆች እጅ ይውጣልኝ አልኩ። «አሁን ነው የሚያስፈልገው» አሉኝ። ያለ አንቺ ምስክርነት ግን አያትሙትም፤ ቃሌን አንስቻለሁ ብለሽ ሁለት መስመር ብትጽፊላቸው ሁሉም ነገር ይቀራል። ባለፈው እንዲቆይ ለመንኩሽ፤ አሁን እንዲወጣ እለምንሻለሁ። ከዚህ በላይ እንዴት ዝቅ እንደምል አላውቅም።

ካልሆነም እሺ፣ ይታተም። ይገባኛል። አንዱን ብቻ ስጪኝ። ለኔ ብላ ትነግርሽ ከነበረው አንዲት ዓረፍተ ነገር፤ የመጨረሻውን። ጠርታኛለች ወይ? ረግማኝም ቢሆን ንገሪኝ። ቃሏን ነው የምፈልገው እንጂ ምርቃቷን አይደለም። ለማንም አላወራውም።


ጥር 18

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። ሰሞኑን ሆቴሉ ሰርገኛ ሞልቶበት ከካውያው አጠገብ አልተላቀቅንም፤ አጣፊዋ ሙሽራውን አይታ «ሸሚዙ ከሱ ይሻላል» አለች፤ እስኪያመን ሳቅን።

ቃሌን አላነሳም። የመጽሐፉን የሙከራ ኅትመት ለትምህርት ቤቱ አስቀድመው ልከውላቸዋል። አስተማሪዋ ልጄን አስነስታ የኔን ገጽ እንድታነብ ጠየቀቻት፤ አነበበችው። ስትጨርስ ክፍሉ ጸጥ አለ አለችኝ። እምቧ የሚላት የለም አሁን። አንድ ልጅ ብቻ ሞክሮ ነበር፣ ከኋላው ያለችው በመጽሐፉ አናቱን መታችው። በየትኛው መጽሐፍ እንደሆነ አልጠየቅኳትም፣ ግን ያንቺው ይመስለኛል፤ ወፍራም ነው።

ስለ እናቴ። አዎ፣ ጠርታሻለች። ልትሞት በቀረበችበት ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ እኔ ትራሷን ሳስተካክል ስምሽን ነው የጠራችው። እሷ አይደለሁም፣ እኔ ነኝ አልኳት። አልሰማችኝም። ከዚያ ፀሐይዋ ከግድግዳው እስክትወርድ ተናገረች፤ አንቺን ይዛ፣ አንቺን እያየች፣ ማንም ሳይከለክላት፣ ሙሉ ሙሉ ዓረፍተ ነገር። የኔን ስም አልጠራችም። እኔ ውሃ በማንኪያ እያቀመስኳት አዳመጥኩ። ቃል በቃል ይዤዋለሁ። ስተኩስ በልቤ እለዋለሁ።

ጥሩ ይሁን መጥፎ አልነግርሽም። እኔ ስሞት አብሮኝ ይሄዳል፤ ለልጄም አልተውላትም።

ለማንም አላወራውም ብለሻል። አምንሻለሁ፤ አታወሪውም። ግን ትጽፊዋለሽ። ስትጽፊው ደግሞ አንድ እንስሳ ትፈልጊለታለሽ።